የመምህር ዓይን ወዴት ያያል?

ስለ አድልዎ በተወያየን ቁጥር የምንሰማው መልስ አንድ ነው፦ «እኔ እኮ በተማሪዎች መካከል አላዳላም!» ይህን የምንለው ከልባችን ነው። ይሁን እንጂ አድልዎ ሁሉ ታስቦ የሚሠራ አይደለም፤ ሳናውቀው በዓይናችን የምንሠራውም አለ።

በ2016 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሕፃናት ትምህርት ላይ ለተሠማሩ 135 ሰዎች ፊልም አሳዩ። በፊልሙ አራት ሕፃናት አሉ፤ ጥቁር ወንድና ሴት፣ ነጭ ወንድና ሴት። ተመልካቾቹ «የሚረብሽ ጠባይ ሊታይ ይችላልና ተከታተሉ» ተባሉ። ዓይናቸው የት እንደሚያርፍም በመሣሪያ ተመዘገበ። በእውነቱ ግን በፊልሙ ውስጥ የሚረብሽ ልጅ አልነበረም። ታዲያ ዓይኖቹ የት ዋሉ? ይበልጥ ያረፉት በጥቁሩ ወንድ ልጅ ላይ ነው። «ይበልጥ ክትትል የሚያሻው ማን ነው?» ተብለው ሲጠየቁም 42 በመቶው የጠቆሙት እሱኑ ነው። ከዚህ ጥቁሮቹ መምህራንም አላመለጡም።

ጥፋት የሚፈለግበት ልጅ ጥፋቱ ቶሎ ይገኝበታል። ጎረቤቱ ያንኑ ቢያደርግ የሚያይ የለም። ልጁ ይቀጣል፣ ትምህርት ይጠላል፤ እኛም «ድሮም ብለን ነበር» እንላለን።

«ይህ የአሜሪካኖች ጣጣ ነው» የሚል አይጠፋም። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች እንዳይሆንብን! እኛ «ዘር» ስንል የቆዳ ቀለሙንም፣ ብሔረሰቡንም፣ የሸክላ ሠሪ ወይም የቀጥቃጭ ልጅ መሆኑንም ማለታችን ነው።

ባለፈው የማስተማር ልምምድ አንዳችን ስናስተምር ሌላው ከኋላ ተቀምጦ ይመዘግብ ነበር። «አላዳላም» ብሎ የማለው ባልደረባችን በክፍለ ጊዜው ብዙ ጥያቄ ጠየቀ። ከኋላ ለተቀመጠው የሸክላ ሠሪዋ ልጅ ግን አንድም አልደረሰውም። «ዝም በል!» የሚለው ሦስት ጊዜ ደርሶታል፤ ሁለቱን ጊዜ ያወራው ጎኑ ያለው ልጅ ነበር። ባልደረባችን ወረቀቱን አይቶ ዝም አለ። ቆይቶም «ለካ ስሙን እንኳ አላውቀውም» አለን።

ስለዚህ ምን እናድርግ?

1. የተማሪዎቻችንን ስም በመጀመሪያው ሳምንት እንወቅ።
2. ማንን እንደጠየቅን፣ ማንን እንደተቆጣን በወረቀት እንመዝግብ፤ በትዝታ አንመን።
3. ከመቅጣታችን በፊት «ሌላው ልጅ ቢያደርገው እቀጣው ነበር ወይ?» ብለን ራሳችንን እንጠይቅ።
4. የፈተና ወረቀት ስሙን ሸፍነን እንረም።
5. በክፍል ውስጥ በመልክ ወይም በትውልድ የሚሰነዘርን ስድብ ሰምተን እንዳልሰማን አንለፍ። የመምህር ዝምታ ለተሳዳቢው ፈቃድ ነው።

የመወያያ ጥያቄ፦ ባለፈው ክፍለ ጊዜ አንድም ጊዜ ያልጠራችሁት ተማሪ ማን ነው? ለምን ይመስላችኋል?