የወረዳ አባል ድምፅ እስከ የት ይደርሳል?

ጥያቄ፦ ሀብሩ ወረዳ የምኖር የፓርቲ አባል ነኝ። መሪ ሲመረጥ እኛን የሚጠይቀን የለም። ታዲያ ድምፃችን ምን ይፈይዳል? (ከመርሳ)

መልስ፦ ቅሬታዎ እውነት አለው። በኢሕአዴግ ዘመን በየአባል ድርጅቱ አባል ተወካይ ይመርጥ ነበር፤ ተወካዮች በጉባኤ ማዕከላዊ ኮሚቴውን፣ ኮሚቴው ደግሞ ሊቀ መንበሩን ይመርጡ ነበር። መጋቢት 2010 የራሱን የግንባሩን ሊቀ መንበር የመረጠውም ከአራቱ አባል ድርጅቶች 45፣ 45 ሰው የተወከለበት ምክር ቤት ነበር። የአማራው ድርጅት የብአዴን ሊቀ መንበር ደመቀ መኮንን ከውድድሩ ራሳቸውን አገለሉ፤ ዐቢይ አሕመድ በ108 ድምፅ ተመረጡ።

ያን ለውጥ ግን የወለደው አዳራሹ ብቻ አይደለም። ሁለት ወር ቀደም ብሎ በወልድያ፣ በቃና ዘገሊላ በዓል፣ ሰዎች ተገደሉ። ቁጣው ቆቦና መርሳ ደረሰ፤ እዚያም ሕይወት ጠፋ። የብአዴንን የለውጥ ትግል ያለዚህ ደም ማውራት ነውር ይመስለኛል። ነሐሴ ላይ ነባሮቹ የብአዴን መሪዎች በረከት ስምዖንና ታደሰ ካሳ ከማዕከላዊ ኮሚቴው ታገዱ። መስከረም 2011 በባሕር ዳሩ ጉባኤ ድርጅቱ አዴፓ ተባለ፤ አቶ ደመቀ በሊቀ መንበርነት ቀጠሉ። ተራ አባል መሪውን በቀጥታ የሚመርጥበት በር ግን አልተከፈተም።

ለእርስዎ ቅርቡ የተወካይ ምርጫው ነው። ዕጩ ከላይ ተዘጋጅቶ ከመጣና እጅ አውጡ ከተባለ፣ ጥቆማው ከቤቱ እንዲመጣ፣ ድምፁም በምስጢር እንዲሰጥ ይጠይቁ፤ ጥያቄዎም በቃለ ጉባኤ ይስፈር።