«አትርገሙት»

 

ዛሬ ስለ ኤችአይቪና ስለ መርፌ እንማማር። «ይሄ ደግሞ የጁምዓ ርዕስ ነው?» እንዳትሉ። ነፍስን መጠበቅ ሸሪዓችን ከቆመላቸው ዓላማዎች አንዱ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ2017 እስከ 2018 በከተሞቻችን በተደረገው ጥናት ከ15 እስከ 64 ዓመት ከሆናቸው ነዋሪዎች 3 በመቶው ቫይረሱ ተገኝቶባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 በአዲስ አበባ ዕፅ በመርፌ የሚወስዱ ሰዎች ሲመረመሩ ግን ቁጥሩ ወደ 6 በመቶ ነበር። «ያ አዲስ አበባ ነው፣ እኛ አሰላ ነን» አትበሉ። ልጆቻችን ለትምህርትና ለሥራ የሚሄዱት ወዴት ነው?

ቫይረሱ በመርፌ እንዴት ይተላለፋል? ከተወጋው ሰው ጥቂት ደም በመርፌውና በሲሪንጁ ውስጥ ይቀራል። በቤተ ሙከራ እንደታየው ቫይረሱ በሲሪንጅ ውስጥ እስከ 42 ቀን ሊቆይ ይችላል፤ አየሩ በቀዘቀዘ ቁጥር ደግሞ ዕድሜው ይረዝማል። የአርሲን ብርድ እናንተው ታውቁታላችሁ። በውሃ ማለቅለቅም አያድንም።

ዕፅ ሐራም ነው፤ በዚህ ላይ ክርክር የለንም። ግን ገና ያልተላቀቀ ወንድም መርፌ ቢጋራ በሐራሙ ላይ የራሱንና የሰውን ነፍስ ማጥፋት ይጨምራል። ዑለማዎቻችን «ሁለት ጉዳቶች ሲጋጠሙ ቀላሉ ይመረጣል» የሚል መርህ አላቸው። «መርፌ አትጋራ» ማለት «ተወጋ» ማለት አይደለም፤ ተውበት እስኪያደርግ በሕይወት ይቆይ ማለት ነው። በኩዋላ ላምፑር አር-ረሕማን መስጂድ ከማላያ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ሱሰኞችን ሜታዶን በተባለ መድኃኒትና በዲን ትምህርት አብሮ አክሟል።

እኛስ? ቡኻሪ እንደዘገቡት አንድ ሶሓባ በመጠጥ ደጋግሞ ተቀጣ። አንዱ ሲረግመው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከለከሉት፤ ሰውየው አላህንና መልእክተኛውን እንደሚወድ መሰከሩለት። ቅጣቱ አልቀረም፣ ወንድምነቱም አልተቆረጠም። ዛሬ ግን አንድ ወጣት «ተመርምሬ ተገኘብኝ» ቢል ስንቶቻችን ከጎኑ ቆመን እንሰግዳለን? ከእኛ ምላስ ፈርቶ ሳይመረመር ቢሞት በአላህ ፊት ምን እንመልሳለን?

ስለዚህ፦

• መርፌ የተጋራህ ካለህ ዛሬውኑ ጤና ተቋም ሂድ። በ72 ሰዓት ውስጥ ከደረስክ ቫይረሱ እንዳይዝህ የሚሰጥ መድኃኒት አለ። ጊዜው ካለፈም ተመርመር።

• ቫይረሱ ካለብህ መድኃኒቱ በነፃ ነው። በሥርዓት ወስዶ ቫይረሱ በምርመራ የማይታይ ደረጃ ላይ የደረሰ ሰው በግንኙነት ለትዳር ጓደኛው አያስተላልፍም።

• የጓደኛህን ምስጢር ካወቅህ ሸሽግለት፣ ምርመራም አብረኸው ሂድ። ሰበቡን አድርስ፣ ከዚያ ተወከል።

ያ አላህ! የታመሙትን አሽርልን፣ በሱስ የታሰሩትን ፍታልን፣ ምላሳችንን ከወንድሞቻችን ላይ ያዝልን። አሚን።