ለሐይቅ ንግድ የሚሆን ጀልባ አመራረጥ

ነጋዴ ማለት በርካሽ ገዝቶ በውድ የሚሸጥ ሰው ብቻ አይደለም፤ ገንዘቡን በየትኛው መሣሪያ ላይ ቢያውለው ሥራው እንደሚቃናለት አስቀድሞ የሚመረምር ሰው ነው። በሱቅ ውስጥ ያለ ዕቃ ቢበላሽ የሚጠፋው ገንዘብ ነው፤ በሐይቅ መካከል ያለ ጀልባ ቢበላሽ ግን ከገንዘቡ ጋራ የሰው ሕይወት ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ በጣና ላይ ዕቃና ሰው ለማመላለስ የሚያስብ ነጋዴ ጠንካራ ገላ ያለውን ጀልባ ወይም በአየር የሚነፋውን ጀልባ ከመምረጡ በፊት የሁለቱን ጠባይ ለይቶ ማወቅ ይገባዋል።

አስቀድሞ ሐይቁን ማወቅ ያስፈልጋል። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ቢኖረውም፣ ጥልቀቱ በጣም በጠለቀበት ስፍራ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው። ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውሃ ነፋስ ሲነሣበት አጫጭርና ቀጥ ያሉ ማዕበሎችን ቶሎ ቶሎ ያወጣል። ይህም ነፋስ አብዛኛውን ጊዜ ከቀትር በኋላ የሚበረታ በመሆኑ፣ ጠዋት ጸጥ ባለ ውሃ የሄደ ሰው ማታ ሲመለስ ሌላ ሐይቅ ያገኛል።

አንደኛ፤ ጠንካራ ገላ ያለው ጀልባ። ይህ ከእንጨት፣ ከብረት፣ ከአሉሚኒየም ወይም ከፋይበርግላስ የሚሠራ ነው። ሹል የሆነው ሆዱ ማዕበሉን እየሰነጠቀ ያልፋል፤ ውስጡም ሰፊ ስለሆነ ጆንያ ለመደርደር ይመቻል። ድንጋይ ቢነካው ይጫራል እንጂ ወዲያው አይቀደድም። ጉድለቱ ግን ክብደቱ ነው፤ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር ድረስ በመኪና መጫን አለበት፤ ከውሃ ለማውጣትም ብዙ ሰው ይፈልጋል። አየር የታሸገበት ክፍል ወይም ተንሳፋፊ ስፖንጅ ካልተሠራለትም ውሃ ሲሞላው ሊሰጥም ይችላል።

ሁለተኛ፤ በአየር የሚነፋው ጀልባ። ይህ ታጥፎ በከረጢት ይያዛል፤ ትንሹን ሁለት ሰዎች ሊሸከሙት ይችላሉ። አየሩ በተለያዩ ክፍሎች የተያዘ ስለሆነ አንዱ ቢተነፍስ ሌሎቹ ያንሳፍፉታል። አላን ቦምባር የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1952 በእንዲህ ያለ ጀልባ የአትላንቲክን ውቅያኖስ ማቋረጡ ዓይነቱ የሚናቅ አለመሆኑን ያስረዳል። ነገር ግን የቀትር ፀሐይ ቆዳውን ያደርቀዋል፤ በውስጡ ያለውንም አየር አሙቆ ግፊቱን ያበዛዋል። የዓሣ መንጠቆ፣ ምስማርና የማገዶ እንጨት ጠላቶቹ ናቸው። ጐኖቹ ወፍራም በመሆናቸውም ለዕቃ የሚተርፈው ስፍራ ጠባብ ነው።

የጣና ሰው ይህን ነገር ከደንገል ታንኳ ጀምሮ ያውቀዋል። ታንኳው ቀላልና ተንሳፋፊ ነው፤ ነገር ግን ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ከሥራ በኋላ ወጥቶ እንዲደርቅ ይደረጋል፤ ዕድሜውም አጭር ነው።

ሦስተኛ፤ ሒሳቡ። ለምሳሌ ያህል አንድ ጠንካራ ጀልባ በ300,000 ብር ተገዝቶ 15 ዓመት ቢያገለግል፣ ጥገናው ሳይጨመር በዓመት 20,000 ብር ይደርስበታል። የሚነፋው በ150,000 ብር ተገዝቶ በየቀኑ በፀሐይ እየዋለ 5 ዓመት ብቻ ቢያገለግል ግን በዓመት 30,000 ብር ያስወጣል። በግማሽ ዋጋ የተገዛው በመጨረሻው ይበልጥ ውድ ሆነ ማለት ነው። ዳሩ ግን በዓመት ጥቂት ቀን ብቻ ለሚሻገር፣ ከአንዱ ሐይቅ ወደ ሌላው ለሚዘዋወር፣ ጀልባውንም አድርቆ በጥላ ለሚያኖር ሰው ሒሳቡ ሊገለበጥ ይችላል።

አራተኛ፤ ሞተሩ። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሚገኝ አየሩ ስስ ነው። ተራ የቤንዚን ሞተር በየ100 ሜትሩ ከኃይሉ 1 ከመቶ ገደማ ስለሚያጣ፣ 15 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተሸጠው በዚያ የሚሰጠው 12 ያህል ነው። ይህን ሳያስብ ጀልባውን እስከ አፉ የጫነ ሰው ከነፋሱ ጋራ መታገል ያቅተዋል። እምቦጭ በበዛበት ስፍራም አረሙ በሞተሩ መዘውር ላይ ስለሚጠመጠም መቅዘፊያ ሳይዙ መሄድ አይገባም።

እንግዲህ በየቀኑ ጆንያና መንገደኛ ለሚያመላልስ ነጋዴ ጠንካራው ጀልባ፣ አልፎ አልፎ ቀላል ዕቃ ይዞ ለሚሄድ ደግሞ የሚነፋው ይሻላል። የሁለቱን ጠባይ የሚያስተባብር፣ ሆዱ ጠንካራ ጐኑ የሚነፋ ሦስተኛ ዓይነትም አለ፤ ነገር ግን ታጥፎ በከረጢት የሚገባ አይደለም። የትኛውም ቢመረጥ ሠሪው በጀልባው ላይ ከጻፈው የጭነት ልክ አለማለፍ፣ ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ የመንሳፈፊያ ሰደርያ መግዛት፣ ከቀትር በፊትም ለመመለስ መጣር ግዴታ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ በሐይቅ ላይ የፈሰሰ ግን አይለቀምም።