የእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ የዕረፍት ሰዓት አይደለም
(ከዶቃ፣ ከመሶብና ከሸማ ምን እናስተምራለን?)

መግቢያ

በየትምህርት ቤቱ የክፍለ ጊዜ ድልድል ላይ የሥነ ጥበብና የእጅ ሥራ ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ ቦታው መጨረሻ ላይ ነው። ሒሳቡ፣ ቋንቋውና ሳይንሱ ካለቀ በኋላ፣ ልጆቹ ሲደክማቸው፣ «እስቲ የፈለጋችሁትን ሥሩ» ተብሎ ይለቀቃል። ፈተና ሲቃረብ ደግሞ ለክለሳ ተብሎ መጀመሪያ የሚወሰደው ይኸው ሰዓት ነው። እኛ ዕጩ መምህራንም ለማስተማር ልምምድ ወደ ደሴ፣ ወደ ኮምቦልቻና ወደ ደጋን ትምህርት ቤቶች ስንወጣ ይህንኑ ልማድ ይዘን እንዳንገባ ያሰጋል።

በመሆኑም በዚህ ጽሑፍ ሁለት ነገሮችን እናሳያለን። አንደኛ፣ በአካባቢያችን እጅ ሥራ ውስጥ ሒሳብም፣ ታሪክም፣ ጂኦግራፊም እንዳለ፤ ሁለተኛ፣ ይህን ሰዓት በደንብ ማስተማር ወይም መናቅ በክፍላችን ለተቀመጠ የባለእጅ ልጅ ምን ማለት እንደሆነ።

ሀ/ ዶቃ ከየት መጣ?

ደጋን ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። መንገዱን ይዘን ብንቀጥል ከኮምቦልቻ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ባቲ እንደርሳለን። የባቲ ገበያ ሰኞ ሰኞ ይቆማል፤ ከቆላው አፋሩ፣ ከደጋው አማራው፣ ከዙሪያው ኦሮሞውና አርጎባው የሚገናኙበት ገበያ ነው። እዚያ በሴቶች አንገት ላይ ያለውን ጌጥ አስተውሎ ያየ መምህር አንድ ሙሉ ትምህርት ይዞ ይመለሳል።

ዶቃ የሰው ልጅ ከሠራቸው ጌጦች ሁሉ ከቀደሙት አንዱ ነው። በ2014 ዓ.ም. ይፋ የሆነ ጥናት በምሥራቅና በደቡብ አፍሪካ ከሚገኙ 31 ሥፍራዎች የተሰበሰቡ ከ1,500 በላይ የሰጎን እንቁላል ቅርፊት ዶቃዎችን አነጻጽሯል፤ ዕድሜያቸው እስከ 50,000 ዓመት ይደርሳል። አሠራሩን ልብ እንበል። ቅርፊቱ በትንንሹ ይሰበራል፤ እያንዳንዱ ቁራጭ መካከሉ ይበሳል፤ ከዚያ በክር ተደርድሮ ጠርዙ በድንጋይ ላይ እየተፋቀ እኩል ክብ ይሆናል። የጥንቱ ሰው እኩል መጠን ያላቸውን ነገሮች አብሮ ማምረትን ያውቅ ነበር ማለት ነው።

ዛጎሉ ደግሞ ከሕንድ ውቅያኖስ የሚወጣ የባሕር ቀንድ አውጣ ቅርፊት ነው። በአፍሪካና በእስያ ብዙ አገሮች ለረጅም ዘመን እንደ ገንዘብ ሲያገለግል ኖሯል። የብርጭቆ ዶቃም ቢሆን ለአገራችን አዲስ አይደለም። በመጀመሪያው ምዕተ ዓመት የተጻፈው የኤርትራ ባሕር ጉዞ መጽሐፍ ወደ አዱሊስ ወደብ ከሚገቡት ሸቀጦች መካከል የብርጭቆ ጌጣ ጌጥን ይጠቅሳል። በኋለኛው ዘመን የኢጣልያዋ ቬኒስ የዶቃ ዋና ምንጭ ሆነች። በ1291 (በአውሮፓ አቆጣጠር) የከተማዋ ብርጭቆ ሠሪዎች በእሳት አደጋ ሥጋት ምድጃቸውን ወደ ሙራኖ ደሴት እንዲያዛውሩ ታዘው ነበር። ከአሠራሮቹ አንዱ ይኸ ነው፦ የቀለጠው ብርጭቆ መካከሉ ክፍት ሆኖ ተይዞ እንደ ረጅም ቱቦ ይሳባል፤ ሲቀዘቅዝ በትንንሹ ይቆረጣል። ቀዳዳው ከመጀመሪያው እዚያው አለ፤ የሚበሳው የለም።

የቆየው የብር ጌጥ ብዙው ከጠገራ ብር፣ ማለትም ከማሪያ ትሬዛ ብር የቀለጠ ነው። ይህቺ የኦስትሪያ ገዥ በ1780 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ብትሞትም ገንዘቡ ያንኑ ዓመት እንደያዘ ከዚያ በኋላም ለብዙ ዘመን ተመትቷል። ክብደቱ 28 ግራም ያህል ሲሆን ከ6 እጅ 5 እጁ ንጹሕ ብር ነው። እንግዲህ ለ5ኛ ክፍል ተማሪ እንዲህ ብለን እንጠይቀው፦ አንድ አንጥረኛ 3 ጠገራ ብር ቢያቀልጥ ስንት ግራም ንጹሕ ብር ያገኛል? (28 × 5 ÷ 6 × 3 = 70 ግራም።) ይኸ ጥያቄ ስለማያውቀው ባቡር ከሚነገረው ጥያቄ ይልቅ ለልጁ ቅርቡ ነው።

ለ/ ክር ላይ ያለ ሒሳብ

ዶቃ መደርደር የልጅ ጨዋታ ይመስላል። ነገር ግን 3 ቀይ፣ 2 ቢጫ፣ 1 አረንጓዴ እያልን ብንደረድር፣ 100ኛዋ ዶቃ ምን ዓይነት ቀለም ይኖራታል? ልጁ በመጀመሪያ አንድ በአንድ ይቆጥራል። ሲሰለቸው ግን አንድ ነገር ያገኛል፦ ረድፉ በየ6 ይደገማል፤ 6 × 16 = 96፤ ቀሪው 4 ነው፤ የረድፉ 4ኛዋ ቢጫ ስለሆነች መልሱ ቢጫ ነው። በዚህ ጊዜ ማካፈልና ቀሪ ምን እንደሆኑ በጣቱ ዳስሶ ያውቃቸዋል፤ ትርጓሜውን በኋላ ብንነግረው ይገባዋል።

መቁጠሪያም በየቤቱ አለ። በሙስሊሙ ቤት የሚገኘው መቁጠሪያ 99 ፍሬ አለው፤ ሦስት ጊዜ 33 ነው፤ 33 ብቻ ያለውም አለ። በኦርቶዶክሱ ቤት 41 ወይም 64 ፍሬ ያለው መቁጠሪያ ይገኛል። ወሎ ውስጥ እነዚህ ልጆች በአንድ ዴስክ ላይ ይቀመጣሉ። «ከእነዚህ ቁጥሮች ለ3 የሚካፈለው የትኛው ነው? ከራሱና ከ1 በቀር የሚያካፍለው የሌለውስ?» ብለን ስንጠይቅ አንዱ የሌላውን ቤት በአክብሮት ያውቃል። (መልሱ፦ 99 እና 33 ለ3 ይካፈላሉ፤ 41 ብቻውን ነው።)

ሐ/ መሶቡ ለምን ወደ ላይ ይነሣል?

ስፌት የሚሰፋው በአክርማና በስንደዶ ነው። ቀለም የገባው አለላ ይባላል፤ መውጊያው ወስፌ ነው። አንድ ጭብጥ ቀጭን ሣር ውስጥ ውስጡን ይሄዳል፤ ሌላው እየተጠመጠመበት ከፊተኛው ዙር ጋር ይያያዛል። ሥራው ከመካከል ተነሥቶ እየዞረ ይሰፋል።

እዚህ ላይ ትልቅ የጂኦሜትሪ ትምህርት አለ። የእያንዳንዱ ዙር ውፍረት ግማሽ ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ አዲሱ ዙር ከፊተኛው በ2 × 3.14 × 0.5፣ ማለትም በ3.14 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል። 2ኛው ዙር ቢሆን፣ 50ኛው ዙር ቢሆን ጭማሪው ያው ነው! ተማሪው ይህን አያምንም፤ ስለዚህ ክር አምጥቶ ይለካ። ሰፊዋ አዲሱን ዙር ከጎን እስካሳረፈች ድረስ ሥራው እንደ ሰፌድ ዝርግ ሆኖ ይሰፋል። ከጎን ትታ በፊተኛው ላይ ስታሳርፈው ግን ዙሪያው አይጨምርም፤ ያን ጊዜ ግድግዳ ይወጣና ሙዳይ ይሆናል። ሰፌድና ሙዳይ የሚለዩት በዚህች ውሳኔ ነው።

ጥለቱም እንዲሁ ነው። በዙሩ ላይ 96 ጥምጥም ቢኖርና 8 እኩል ጥለት ቢፈለግ ለእያንዳንዱ 12 ይደርሰዋል። 100 ቢሆን 4 ይተርፍና መጨረሻው ይዛባል። ስለዚህ ሰፊዋ ገና ጥለቱን ሳትጀምር ትቆጥራለች። ፊደል ያልቆጠሩ እናቶች ይህን ሲያደርጉ ኖረዋል። «አልተማረችም» የምንላት እናት በጭንቅላቷ ታካፍላለች።

ስለ ሽመናም ጥቂት እንበል። ጥጥ ፍሬው በመዳመጫ ይወጣል፤ በደጋን ይነደፋል፤ በእንዝርት ይፈተላል፤ በቀሰም ይጠቀለላል፤ ከዚያ ድሩና ማጉ ይገናኛሉ። ደጋን ማለት ጅማት የተወጠረበት፣ ጥጥ የሚያፍታታ ቀስት ነው። የደጋን ልጆችን «የከተማችሁን ስም የሚጋራው መሣሪያ የቱ ነው?» ብሎ መጠየቅ ለትምህርቱ ጥሩ መግቢያ ይሆናል።

መ/ ስድቡና ክፍላችን

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በአገራችን ሰው የሸማኔውን ሸማ ይለብሳል፣ በሸክላ ሠሪዋ ድስት ይበላል፣ በብረት ሠሪው ማረሻ ያርሳል፤ ዞር ብሎ ደግሞ ባለእጁን ይሰድባል። ጠይብ፣ ቡዳ፣ ቁጢት በጣሽ፣ ፋቂ የሚሉት ቃላት ለዘመናት መናቂያ ሆነው ኖረዋል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል። ስድቡ ግን ከሰው አፍ ገና ተጠርጎ አልወጣም።

ታዲያ ይኸ መምህሩን ምን ያገባዋል? ያገባዋል እንጂ! ስም ዝርዝር ስንመዘግብ «የአባትህ ሥራ ምንድን ነው?» ብለን በክፍል ፊት ስንጠይቅ፣ የቀጥቃጩ ልጅ ወደ መሬት አይቶ «ገበሬ» ይላል። ልጁ ከመጀመሪያው ቀን በትምህርት ቤት ውስጥ ቤቱን መካድ ተማረ ማለት ነው። ሌላውም ልጅ ዝም ያልነውን ስድብ እንደተፈቀደ ይቆጥረዋል። በተቃራኒው፣ መምህሩ ሰፌዱን ከፍ አድርጎ ይዞ «ይህን የሠራ ሰው ክብን ከእኔ ይበልጥ ያውቃል» ቢል፣ ያች አንዲት ዓረፍተ ነገር ከአዋጅ የማትተናነስ ሥራ ትሠራለች።

የሚያስቸኩል ምክንያትም አለ። በየገበያው የፕላስቲኩ ዕቃ የስፌቱን ቦታ እየያዘ ነው። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ወቅት ደግሞ የደሴ ሙዚየም ቅርሶች ተዘርፈዋል። በሙዚየም የተቀመጠ ዕቃ ሊወሰድ ይችላል፤ በሰው ጣት ላይ ያለ ዕውቀት ግን ለሌላ ጣት ከተላለፈ አይጠፋም። የሚጠፋው የሚማረው ሲታጣ ነው።

ሠ/ በክፍል ውስጥ እንዴት እንሥራ?

1ኛ/ ባለሙያ እንጋብዝ። ከተማሪዎቹ እናቶች ስፌት የምታውቅ፣ ወይም ከሰፈሩ አንድ ሸማኔ ይምጡ። ወንበር ይሰጣቸው፤ እንደ ዕድሜያቸው እማማ፣ እትዬ፣ አያ ተብለው ይጠሩ። የሚያስተምሩት እነርሱ ናቸው፤ እኛ አጠገባቸው ሆነን ጥያቄውን እናቀናለን።

2ኛ/ ወጪ የማይጠይቅ ዕቃ እንጠቀም። ካረጀ ደብተር ወረቀት ወርዱ 2፣ ቁመቱ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ባለሦስት ማዕዘን ይቆረጣል። ከሰፊው ጫፍ ጀምሮ በቀጭን እንጨት ላይ ይጠቀለላል፤ ጫፉ በዱቄት ሙጫ ይጣበቃል፤ እንጨቱ ሲወጣ መካከሉ ወፈር ያለ ዶቃ ይሆናል። የሸክላ አፈር ካለ ተቦክቶ፣ ተድቦልቡሎ፣ በእሾህ ተበስቶ በጥላ ይደርቃል። ጭቃ ሲደርቅ ስለሚኮማተር ቀዳዳው ከክሩ ሰፋ ይበል።

3ኛ/ ጥንቃቄ እናድርግ። የጉሎ ፍሬ መልኩ ያማረ ቢሆንም መርዛማ ስለሆነ ለዶቃ አይሁን። ትንንሽ ልጆች ዶቃ ወደ አፍ፣ ወደ አፍንጫና ወደ ጆሮ ስለሚከቱ ለታች ክፍሎች ተለቅ ያለው ይሰጥ። በወስፌ የሚሠሩት ከፍ ያሉት ይሁኑ።

4ኛ/ የቤተሰብን ነገር እናክብር። በአንዳንድ ቤት ጨሌ ከጌጥነት ያለፈ፣ ከእምነት ጋር የተያያዘ ነገር አለው፤ በሌላው ቤት ደግሞ ጭራሹን አይወደድም። ስለዚህ «የእናትህን ጨሌ ይዘህ ና» ብለን ልጅን አናስገድድ። መቁጠሪያም ቢሆን በቤት ይቁጠረው እንጂ ወደ ክፍል አምጣ አይባል።

5ኛ/ ውጤት እንስጥ። መመዘኛው የዕቃው ማማር ብቻ አይሁን። ተማሪው ቆጥሯል ወይ? ሲሳሳት ፈትቶ ደግሟል ወይ? የሠራበትን መንገድ ለጓደኛው ማስረዳት ይችላል ወይ? እነዚህ ይመዘኑ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በልምምድ ትምህርት ቤታችሁ የእጅ ሥራ ሰዓት በአንድ ወር ውስጥ ስንት ጊዜ ለሌላ ትምህርት ተወሰደ? ቆጥራችሁ ለክፍላችሁ አቅርቡ።
2. በሰፈራችሁ ከሚሠራ አንድ የእጅ ሥራ ውስጥ ሦስት የሒሳብ ጥያቄዎች አውጡ።
3. አንድ ተማሪ ሌላውን በአባቱ ሥራ ቢሰድበው፣ መምህሩ በዚያው ደቂቃ ምን ማለት አለበት? የምትሉትን ቃል በቃል ጻፉ።

ሦስተኛውን ጥያቄ በይደር አንተወው። ክፍል ውስጥ ስድቡ ሲሰማ ለማሰብ ጊዜ አይኖርም፤ መልሱን ከአሁኑ ይዘነው እንግባ።