የዘንገና ጫካ ልጆች የት አሉ?

ከእንጅባራ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ የተጓዘ ሰው፣ እሳተ ገሞራ ባበጀው ጎድጓዳ ውስጥ የተኛውን የዘንገናን ሐይቅና ዙሪያውን የከበበውን ጫካ ያውቀዋል። ከሩቅ ሲያዩት ጫካው ጤነኛ ይመስላል። የደን ጤንነት ግን በትልልቆቹ ዛፎች አይለካም፤ ጎንበስ ብሎ ከሥራቸው ችግኝ መፈለግ ያሻል። ወጣት ዛፍ የሌለበት ጫካ የሽማግሌዎች ሸንጎ ነውና።

እንስሳ ሣር ሲግጥና ቅጠል ሲቀነጥስ ጉዳቱ አንድ አይደለም። ሣር የሚያድገው ከሥሩ ስለ ሆነ ቢጋጥም መልሶ ያቆጠቁጣል። የዛፍ ችግኝ ግን ቁመቱን የሚጨምረው በጫፉ ባለው ለጋ እምቡጥ ነው። ያ ሲቀነጠስ ከጎን ሌላ ያወጣል፤ ላሚቱ ተመልሳ ያንንም ትደግመዋለች። ስለዚህ ዓመታት ያስቆጠረ ችግኝ ከጉልበት ሳያልፍ ይቀራል። ሰኮናውም አፈሩን ረግጦ ስለሚያጠነክር የወደቀው ዘር ሥር መስደጃ ያጣል። ተርፎ የሚንሰራፋው እሾኻሙ ቀጋና ከብት የሚሸሸው እንዶድ ነው።

በአሜሪካ የሎውስቶን ፓርክ፣ ኤልክ የሚባለው ትልቅ አጋዘን የአስፐንን ዛፍ ቡቃያ እየበላ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ወጣት ዛፍ ጠፍቶ ነበር። እ.አ.አ. በ1995 ተኵላ ተመልሶ ከተለቀቀ ወዲህ ግን በአንዳንድ ስፍራ ቡቃያው ከአጋዘኑ አፍ በላይ አደገ። (የተኵላው ድርሻ ምን ያህል እንደ ሆነ ምሁራኑ እስካሁን ይከራከሩበታል።)

በእኛ ዘንድ አጋዘኑ ላምና ፍየል ናቸው። «እመጓ» በተባለው መጽሐፉ የምናውቀው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከባልደረቦቹ ጋር በደቡብ ጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ደን ያደረገው ጥናት እ.አ.አ. በ2009 ታትሟል። ከብት እንዳይገባ በታጠረው ቁራሽ መሬት ካልታጠረው ይልቅ የበቀለው ዘርም፣ በሕይወት የቆየውም ችግኝ በልጦ ተገኘ።

ታዲያ «ከብቱን አባሩ» ማለት ለከተሜ ቀላል ነው። ክረምት ገብቶ እርሻው ሁሉ በተዘራ ጊዜ ከጫካው ጎን የሚኖር ገበሬ በሬውን ወዴት ይንዳ? ሆኖም ዘዴው ለአዊ ገበሬ እንግዳ አይደለም። በፋግታ ለኮማ ለከሰል የሚሆነውን ዲከረንስ ሲተክል፣ በመጀመሪያው ዓመት ጤፍ አብሮ ዘርቶ ከከብት ይጠብቀው ነበር፤ በተከታዩ ዓመት በመካከሉ የበቀለውን ሣር አጭዶ ለከብቱ ያቀርብ ነበር። ችግኙም በዚህ መካከል ከላሚቱ አፍ በላይ ያልፍ ነበር። የዘንገና ገደል የማንም የግል ማሳ ስላልሆነ እንዲህ የሚጠብቀው ባለቤት የለውም። ከብት እንዳይገባ የሚከለክል ሁሉ የአጨዳውን ሣር ለጎረቤቱ ገበሬ አስቀድሞ ይፍቀድለት፤ አለዚያ ከብቱ በሌሊት መግባቱ አይቀርም።