ባልና ሚስት በሰው አገር፦ ከአቂላና ከጵርስቅላ ምን እንማራለን?

ተጋብተው ውጭ አገር የሚሄዱ ክርስቲያኖች አንድ ፈተና አለባቸው። ሁለት ስለሆኑ ሌላ ሰው ብዙም አይናፍቃቸውም። ተያይዘው ቤተ ክርስቲያን ሄደው ተያይዘው ይመለሳሉ፤ በሩም ይዘጋል። ታዲያ ወዳጅ ከየት ይምጣ?

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 18 የተጻፈው የአቂላና የጵርስቅላ ታሪክ ለዚህ መልስ ያለው ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ49 ገደማ ቄሣር ቀላውዴዎስ አይሁድ ከሮም እንዲወጡ ሲያዝ ቆሮንቶስ ገቡ። ጳውሎስም ለከተማው እንግዳ ነበር። ያገናኛቸው ሙያ ነው፤ ሦስቱም ድንኳን ሰፊዎች ነበሩ። ጳውሎስ እነሱ ቤት ተቀምጦ አብሯቸው ሠራ። በኋላ ኤፌሶን ሲሄዱ አጵሎስ የሚባል የእስክንድርያ ሰው ሲያስተምር ሰሙ። የጎደለውን በጉባኤ መሀል አላረሙም፤ ለብቻው ወስደው አስረዱት።

እዚህ ላይ ልብ እንበል። እነዚህ ሰዎች እኮ ራሳቸው የተባረሩ ናቸው! እንግዳ ለመቀበል ባለአገር መሆን አያስፈልግም ማለት ነው።

ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገር እንወስዳለን፦
1. ወዳጅነት አብሮ በመሥራት ይጀመራል።
2. ቤት የተከፈተለት ሰው ልቡን ይከፍታል።
3. ወዳጅ የሚታረመው ክብሩ ሳይነካ ነው።

ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎችም ይሠራል። ዝም ብለን ማይክ ከመደቀናችን በፊት ከሰውየው ጋር ጥቂት ብንውል መልሱ ሌላ ይሆናል።

የወዳጅነታቸው መጠን በሮሜ መልእክት ምዕራፍ 16 ይታያል። ጳውሎስ ስለ እሱ ሕይወት ብለው የራሳቸውን ለአደጋ እንደሰጡ መስክሮላቸዋል። መነሻው ግን አንድ የሥራ ቦታ ነበር።