«ነገር» በላቲን ምን ይባላል?



በመንዝም ሆነ በመርሐቤቴ አንድ ሽማግሌ «ነገር አለኝ» ቢሉ፣ ጉዳይ፣ ምክር ወይም ሙግት ሊሆን ይችላል። ላቲን ግን ይለያቸዋል፤ ጉዳይን «ሬስ»፣ ንግግርን «ቬርቡም»፣ ሙግትን «ካውዛ» ይላል። እ.ኤ.አ. በ1649 ሮም ላይ የተገናኙት አባ ጎርጎርዮስና ጀርመናዊው ሊቅ ኢዮብ ሉዶልፍ የደከሙት እንዲህ ባለው ሥራ ነው፤ ሉዶልፍ የአማርኛና የላቲን መዝገበ ቃላቱን በ1698 አሳተመ።

በሉቃስ ወንጌል 2፥15 እረኞቹ የሆነውን «ነገር» ሊያዩ ወደ ቤተ ልሔም ሄዱ። ቅዱስ ሄሮኒሙስ ይህን «ሬስ» ሳይሆን «ቬርቡም» ብሎ ተረጐመው። ምክንያቱም ከአነጋገሩ ሥር ያለው የዕብራይስጥ «ዳባር»፣ እንደ እኛ «ነገር»፣ ንግግርንም ድርጊትንም ያጠቃልላል። በዮሐንስ 1፥14 ሥጋ የሆነው ቃልም በላቲን ያው «ቬርቡም» ነው። ስለዚህ ላቲኑን የሚሰማ ሰው እረኞቹ ቃልን ሊያዩ እንደ ሄዱ ያስተውላል፤ በአማርኛችን ግን «ነገር» እና «ቃል» ስለ ተለያዩ፣ ይህን መግለጥ የመምህሩ ድርሻ ነው።

በእግዚአብሔር ዘንድ የተነገረው ይሆናል፤ የሆነውም ይታያል። እኛ ግን በከንፈራችን ሰላም እያልን፣ ከጎረቤታችን ጋር የድንበር ነገር ይዘን ወደ ቅዳሴ እንመጣለን።

ለውይይት፦ በዚህ ሳምንት በአፋችን ብቻ የቀረ፣ በሥራ ሊታይ የሚገባው የትኛው ቃላችን ነው?